ያለ ነገር አይታሰርም

ፖሊሶች የያዙኝ ቀፊራ ገበያ ውስጥ፣ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለሁ ነው። ቅዳሜ ዕለት ጓደኞቼ ፊት ያነበብኩት ግጥም ጆሯቸው ደርሷል።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል ሙቀት ፊት ይለበልባል። እስረኞቹ ሽርጥ ብቻ አገልድመው ሰሌን ላይ ተዘርረዋል። እኔ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሩ ሥር ቆምኩ። በስህተት ነው የያዙኝ፣ አሁኑኑ ይጠሩኛል ብዬ።

«ወሪያ፣ ባቡር ትጠብቃለህ እንዴ? ተቀመጥ እንጂ አቦ!» አለኝ አንዱ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፣ ባጃጅ ነጂ። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ወንድሙን ፈልገው ሲያጡት እሱን እንደያዙት ነገረኝ። አላመንኩትም። ከእኔ በቀር ሰው ያለ ነገር የሚታሰር አይመስለኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከምርመራ ሲመልሱት ከንፈሩ አብጧል። ውሃ ላቀብለው አላሰብኩም።

«ምን ብለሃቸው ነው?» አልኩት።

ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ከዚያ፣ «አንተ ቶሎ ትወጣለህ። ሚስቴ የት እንዳለሁ አታውቅም፤ ይሄኔ ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞረች ነው። አለ ብለህ ብቻ ንገርልኝ» አለኝ።

«እኔን ነገርህ ውስጥ አታስገባኝ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ዘልዬ ተነሳሁ። የተጠራው ግን እሱ ነበር። ሸሚዙን እየቆለፈ ዞር አለ።

«እናትህ ቤት የት ነው?»

«ለምን?»

«ንገረኝ እንጂ አቦ!»

አንገቴን ደፍቼ ነገርኩት።

ቀትር ላይ ጠባቂው ከእናቴ የተላከ ምግብ አቀበለኝ። ሳህኑን ይዤ፣ ጥሩ ሰው ስለሆነ ነው የተፈታው ብዬ አሰብኩ። ከነሳህኑ ቆሜ እንኳ ዓለምን ትክክል ላደርጋት እሞክር ነበር።

«ጥሩ ሰው ነው፤ ፈቱት» አልኩ ጮክ ብዬ።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አዛውንት ቀና አሉ። «ወንድሙን አግኝተውት ነው ልጄ።»

ምግቡን ለሰዎቹ አቀረብኩላቸው፤ አብረን በላን።

ስፈታ እናቴ የዚያን ቀን ነገር አጫወተችኝ። ባጃጅ ነጂውና ሚስቱ አብረው ነበር የመጡት። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሚስቱ የእናቴን እጅ ያዘችና፣ «አለ፣ እማማ» አለቻት።

ዛሬም እገሌ ታሰረ ሲሉኝ፣ ምን አድርጎ? የሚለው ነው አፌ ላይ የሚቀድመው። ልማዱ አልለቀቀኝም። እሱን እውጥና፣ ቤተሰቦቹ ያለበትን አውቀዋል? ብዬ እጠይቃለሁ። ካላወቁ ልነግራቸው ተነስቼ እሄዳለሁ።