ገነት የተነሳችበት ቅዳሜ

ከድሬዳዋ የወጣሁት እሑድ ማለዳ ነው፤ ገና ወፍ ሳይንጫጫ። የአዴ ሀዋን ድሪያ ለብሼ፣ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ፣ የእህቷ ልጅ ተብዬ ባቡር ተሳፈርኩ። አዴ ሀዋ የመጋላ ሰፈር ሰው ናት። ከጅቡቲ ጨርቅና ሽቶ እያመጣች ትነግድ ነበርና በመስመሩ ላይ የሚፈትሹትን ሁሉ በየስማቸው ታውቃቸዋለች። እኔ ደግሞ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ የልብስ ስፌት ማኅበር ሰፊ ነበርኩ፤ ለዓመታት ጨርቋን ሰፍቼላታለሁ። ጣቢያው አጠገብ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አፍሽን እንዳትከፍቺ አቦ፣ አማርኛሽ ራሱ መታወቂያ ነው። ሰው ከጠየቀሽ ጉንጭሽን ብቻ ያዢ፤ ጥርሷን አሟታል እላለሁ» አለችኝ።

እንዲህ ጉንጬን ይዤ ነው አገሬን የለቀቅኩት። እናቴን ዋሂል ገጠር ልቅሶ ልደርስ ነው ብዬ ዋሽቻታለሁ። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ጋቢዋን ብቻ በትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዋ ነው። ማወቋ ገብቶኝ ነበር።

እዚያ የቀራችሁ ወገኖቼ፣ እንደ እኔም የወጣችሁ፣ ባቡሩ ውስጥ ስቀመጥ የፈራሁት ወታደሩን እንዳይመስላችሁ። የፈራሁት አንዲት ልጅ ነበር። ገነት ትባላለች፤ አብረን የተማርን፣ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ታይፒስት። በእያንዳንዱ ፌርማታ በር በተከፈተ ቁጥር ካድሬ አስከትላ ገብታ «ያቻት» የምትል ይመስለኝ ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን የእኛ ዓይነቱ እምነት «መጤ ሃይማኖት» ይባል ነበር። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የምንሰበሰበው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተክሉ ቤት ነው። ጋሽ ተክሉ ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ በፍሬን ሠራተኝነት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ሬዲዮኑን ከፍ አድርገን፣ ከሥሩ በሹክሹክታ እንዘምራለን። ጫማችንን እንኳ ደጅ አንተውም፤ የተደረደረ ጫማ ሰው ቁጠሩብኝ ይላል።

ጋሽ ተክሉ አንድ ሕግ ነበራቸው። በስብሰባችን ላይ «ጌታን መቀበል የምትፈልጉ ወደ ፊት ውጡ» የሚባል ጥሪ አይደረግም። ጸሎት ቤታችን ክፍት ሳለ ይደረግ ነበር፤ እኔም እዚያው ነው ወደ ፊት የወጣሁት። ከታሸገ ወዲህ ግን፣ «ያመነ ሰው ገበያ ላይ ያግኘኝና በጆሮዬ ይንገረኝ። ፍሬን የሚያዘው ቁልቁለቱ ሳይደርስ ነው» ይሉ ነበር።

ገነት አንድ ቀን ቀሚስ ልታስጠብብ ወደ ማኅበሩ ሱቅ መጣች። የስፌት መኪናውን እየረገጥኩ ሳላውቀው መዝሙር ሳንጎራጉር ሰማችኝ። ደነገጥኩ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የት እንደምንሰበሰብ ጠየቀችኝ። ሁለት ወር ሙሉ እያመላለስኩ አዳከምኳት። ኋላ ለጋሽ ተክሉ ነገርኳቸው፤ ብዙ አሰቡና፣ አምጪያት፣ በሩ አጠገብ ትቀመጥ አሉ። ያመጣኋት እኔ ነኝ። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን ብጽፍ ውሸታም ነኝ።

ያን ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ሰባኪ ነበር፤ ወንድም ዳዊት። ሲሰብክ ያንን ጠባብ ክፍል አዳራሽ አስመሰለው። ሲጨርስም ጋሽ ተክሉን ሳያይ፣ «ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ማንም ማንንም አይመልከት። ዛሬ ጌታን የሚቀበል ይነሳና ወደ ፊት ይምጣ» አለ። ጋሽ ተክሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እሱ አልሰማም። ሬዲዮው ስለ እህል ምርት ያወራል። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ገነት ተነሳች። በሩ አጠገብ ነበረችና ወደ ፊት ለመድረስ በእያንዳንዳችን ጉልበት መካከል ማለፍ ነበረባት። ሳይ፣ የብዙዎቻችን ዓይን ተከፍቷል። ቆማ ስታለቅስ ወንድም ዳዊት እጁን ጭኖ ጸለየላት። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ የቀበሌ ሰው መካከላችን ቆማ ሁላችንን ከፊት ለፊት አየችን ብዬ ነው ያሰብኩት።

በቀጣዩ ሐሙስ ካድሬዎች ጋሽ ተክሉን፣ ወንድም ዳዊትንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ከየነበሩበት ወሰዷቸው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ገነት ሱቃችን መጣች። ደንበኞች ነበሩ። ፊቷ ገርጥቷል። «ሰብለ፣ አንዴ ውጪ ልንገርሽ» አለችኝ። የድሬ ልጅ ሁሉን አንተ አንቺ ነው የሚለው፤ ከገነት ጋር ደግሞ በአንድ ዴስክ ላይ ነው ያደግነው። እኔ ግን ከስፌቱ ቀና ሳልል፣ «ልብስዎ አልደረሰም እመቤት፣ ሌላ ቀን ይምጡ» አልኳት።

«እሺ» ብላ ወጣች። እሑድ ማለዳ ባቡር ላይ ነበርኩ።

ድንበሩ ላይ ሳንደርስ ወረድን። ከነጋዴ ሴቶች ጋር በድንጋያማው ሜዳ ስንሄድ ውለን አመሸን። የሆነ ቦታ ላይ አዴ ሀዋ ዞር ብላ፣ «በቃ፣ አሁን ጥርስሽን ልቀቂው» አለች። ጉንጬን እንደያዝኩ ነበር።

ጅቡቲን ምን ልበላችሁ? የድሬ ሙቀት ቢያንስ ሲመሽ ያዝንልሻል፤ ዛፉ ሥር ንፋስ ይልክልሻል። ይኼኛው ግን ሌሊቱንም አብሮሽ ያድራል። ኻምሲን የሚሉት ንፋስ ሲነሳ አሸዋው ባገት ከሚሉት ረጅም ዳቦ ጋር ተጋግሮ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ገበያ ወጥቼ የድሬ ብርቱካን ክምር ሳይ ያገር ልጅ ያገኘሁ ያህል አጠገቡ ቆሜ እቀር ነበር።

ስደተኛ የሚመዘግበው ሰውዬ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። ለምን ሸሸሽ አለኝ፤ በክርስትናዬ አልኩት። አገርሽ ክርስቲያን የለም እንዴ አለኝ፤ ሞልቷል አልኩ። ብዕሩን አስቀመጠ። «ክርስቲያን ሴት በክርስትናዋ ምክንያት ከክርስቲያኖች ሸሽታ እስላም አገር ተጠለለች ብዬ ልጻፍ? አለቃዬ ጫት ላይ ሆኜ የጻፍኩት ነው የሚመስለው» አለና፣ ምክንያት በሚለው ቦታ «ጦርነት» ብሎ ሞላው። ጦርነት ሲባል ሁሉም ይገባዋል አለኝ። እስከ ዛሬ የስደተኛ ካርዴ ላይ በጦርነት የተሰደድኩ ነኝ።

ካርቲዬ በሚሉት ሰፈር ውስጥ ከሁለት የእምነት እህቶች ጋር የተከራየሁት የቆርቆሮ ክፍል ባለቤቱ ሐጂ ዑመር ይባላሉ፤ ድሬ ኖረው የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጠዋት ጠሩንና፣ «እናንተ ልጆች ግድግዳው ሥር የምትንሾካሾኩት ምንድን ነው?» አሉን። ጸሎት ነው አልናቸው። «ፈጣሪስ ሹክሹክታውን ይሰማል፤ እኔ ግን ሌባ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። ወይ ጮክ በሉ፣ ወይ ዝም በሉ» አሉን። ሳቅን። ግን በዚያም ሳምንት በሚቀጥለውም ጮክ ማለት አቃተን፤ ጉሮሯችን ረስቶታል።

ከወገን ጋር የምንሰበሰበው የውጭ አገር ሰዎች ባዋሱን አዳራሽ ውስጥ ዓርብ ዓርብ ነበር። መሪያችን ወንድም ኤልያስ የሚባል የቀድሞ አስተማሪ ነው። በመጀመሪያው ዓርብ ስብከቱን እንደጨረሰ፣ «ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለ። ቀሪውን አልሰማሁም። ተነስቼ ወጣሁ፤ ደጅ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ወጥቶ ሲጠይቀኝ ሁሉን ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፤ ብቻዬን አልወስንም ብሎ ጉባኤውን ሰብስቦ እንድናገር አደረገኝ።

የተናገርኩትን አልረሳውም። ወደ ፊት ውጡ ማለት ጠሪውን ያጠግባል፣ ስንት ሰው ተነሳ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል አልኩ። ሐዋርያት ቃሉን ተናገሩ እንጂ መድረክ ሥር አሰልፈው አልቆጠሩም። ደግሞም የተነሳ ሁሉ ያመነ አይደለም፤ እኛ ተነሳች ብለን ያቀፍናት ልጅ ናት የሸጠችን አልኩ። ብዙዎች እየተስማሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። መኮንን ይባላል፤ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል። «እህቴ፣ እኔ ድሬ ስኖር ጎረቤቶቼ በሬዲዮ ሥር ሲዘምሩ እሰማቸው ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ። አንድ ቀን እንኳ ና ያለኝ የለም። ፈርታችሁ እንደነበር አሁን ገብቶኛል፤ ያኔ ግን የማልፈለግ መስሎኝ ነበር። እዚህ ሰው ወደ ፊት ና ሲለኝ ወጣሁ። ያን ጥሪ ብታስቀሩት እኔን የመሰለው ደጅ ይቀራል» አለ።

ወንድም ኤልያስም ጥሪው ይቀጥል፣ ግን ማንም ወደ ፊት አይውጣ፣ የፈለገ ባለበት ይነሳ፣ ስብሰባው ሲበተንም ይቆይ ብሎ አስማማን። ግማሹ ቅር አለው። እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ዓመት ሊሞላኝ ሲል አዴ ሀዋ ጨርቅ ልትገዛ መጣች። የእናቴን ሰላምታ ነገረችኝ፤ ጋሽ ተክሉ ታመው ተፈትተዋል አለች። ከዚያ፣ «ያቺ ጓደኛሽስ ምስኪን» አለች። የቷ ስላት፣ ገነት አለችኝ። እኔ በወጣሁበት ሳምንት ነው የያዟት። ስብሰባውንም የእሷን መነሳትም ለቀበሌው የነገረ ሌላ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ታይፒስት ነሽና በክፍሉ ውስጥ የነበሩትን ስም ዝርዝር ራስሽ ታይፕ አድርጊ ብለው ማሽኑ ፊት አስቀመጧት። «ዓይናችሁን ጨፍኑ ብለውን ነበር፤ ጨፍኜ ነበር፤ ማንንም አላየሁም» አለቻቸው። ሰባት ወር ሙሉ ያችኑ አንድ ነገር ብቻ እየደገመች ታሰረች። ሥራዋን አጥታ አሁን ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች።

ያን ዓርብ ሱቃችን የመጣችው ልታስጠነቅቀኝ ነበር ማለት ነው። በጉባኤ ፊት ሸጠችን ብዬ ነበርና በሚቀጥለው ዓርብ ተነስቼ ውሸቴን ነው አልኩ። ስለ ጥሪው ግን ምን ልበል? ገነትን ያሳሰራት መነሳቷ ነው፤ እንዳትነሳ ማን ሊላት ነበር? እኔ?

አዴ ሀዋ ቀፊራ አጠገብ ስልክ ያለው ዘመድ ነበራትና ገነት እዚያ እንድትጠብቀኝ ቀን ቆረጥን። ከፖስታ ቤቱ ደወልኩ። ስልኩ እንደሚጠለፍ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ስለ ሠርግ የምናወራ አስመሰልን።

«ገኒ፣ ሱቅ መጥተሽ ሳለ የመለስኩልሽ...» ስል፣ «ልብሱ ደርሶልኛል፣ ተይው» አለችኝ። እሷው ጠየቀችኝ። «እዚያስ ሠርግ ላይ ሰው ተነሱ ይባላል?»

«ይባላል» አልኳት።

«ሰውስ ይነሳል?»

«አዎ፣ አንዳንዴ።»

«እኔ ያን ቀን ስነሳ አንቺ አብረሽኝ የምትነሺ መስሎኝ ነበር» አለች። ቁጣ የለባትም፤ የድሮዋ ገነት ናት። «አሁንስ አጠገባቸው ሄደሽ ትቆሚላቸዋለሽ?»

አዎ ልል እፈልጋለሁ። ደጅ ግድግዳውን ተደግፌ የቆምኩት ትዝ አለኝ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ዓይኔን ከፍቼ የምቆጥራቸው ሰዎችም።

«ሃሎ?» አለች ገነት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አይሰማም መሰለኝ፣ መስመሩ ነው፤ መስመሩ መጥፎ ነው» አለችኝ።

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ከጀርባዋ የሽንኩርት ነጋዴዎቹ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ዋጋ ሲከራከሩ፣ የጋሪ ፈረስ አስፋልቱን ሲረግጥ፣ አንዲት ሴት ገነትን ደንበኛ መጥቶልሻል ስትላት እሰማ ነበር። «መጣሁ» አለች እሷ፤ ለሴትየዋ ይሁን ለእኔ አልለየሁትም።