በደመና ቀን የሚታጠብ ፊልትሮ

አባባ የምላቸው አማቴ ካረፉ ወዲህ የልብስ ማስጫው ገመድ ባዶ ሆኖብኛል። ልጄ በሞተር ሰው እያመላለሰ ነው የሚሠራው። የሞርሲቶ መንገድ በዝናብ ሲያንሸራትት እኔ ቤት ውስጥ ልቤ ቀጥ ይላል። አባባ ታዲያ ሰማዩ ሲጠቁር የሞተሩን የአየር ፊልትሮ አውጥተው፣ በሳሙና አጥበው ገመዱ ላይ ያሰጡት ነበር። ስፖንጅ ስለነበረ ቶሎ አይደርቅም።

«አባባ፣ በደመና ቀን ማን ያጥባል?» ይል ነበር ልጄ።

«ሞተርም እንደ ሰው ነው፤ በእርጥብ ሳንባ መንገድ አይወጣም» ይሉትና እኔን ጠቀስ ያደርጉኝ ነበር።

ትናንት ደመነ። እሳቸው የሉም፤ ሲያወጡ እንዳየሁት ፊልትሮውን ራሴ አውጥቼ ሳሙና ውስጥ ዘፈዘፍኩት።

«እማዬ! አዲሱ የወረቀት ነው እኮ! አበላሸሽው!» አለ ልጄ ጭንቅላቱን ይዞ።

አባባ፣ ጌታ ዘንድ ሆነው ይሳቁብኝ፤ ብቻ ልጁ ቤት ውሏል።