የጥጋቡ አዲስ ጥርስና የወገዳው ርስት

የእስቴው ጥጋቡ፣ አባቱም አያቱም በላይኛው ድዳቸው ላይ አራቱ የፊት ጥርሶች ሳይበቅሉላቸው ኖረው ሞተዋል። እሱም ይህንኑ ወርሶ አርባ ዓመት ሞላው። የወተት ጥርሱ እንደ ረገፈ በምትኩ ምንም ብቅ አላለም። ሥጋ በጎን ጥርሱ እየዘነጠለ፣ ሲስቅ በጋቢው ጫፍ አፉን እየሸፈነ ኖረ። የሰፈሩ ሰው “በሩ ክፍት” እያለ ሲጠራው አንጀቱ እያረረ አብሮ ይስቅ ነበር።

ታዲያ በጃንሆይ ዘመን፣ መኸር እንደ ገባ፣ አንድ ወይፈኑን ሸጠና ጎንደር ሄደ። የጥርስ ሐኪሙ ለስላሳ ሰም አስነክሶ የድዱን ልክ ወሰደ። ከሳምንት በኋላ አራት ነጫጭ ጥርሶች የተሰደሩበት፣ ላንቃ ላይ የሚለጠፍ ነገር አጎረሰው። ጥጋቡ መስታወቱን ከሐኪሙ እጅ ነጥቆ ፊቱን እያገላበጠ ሳቀ፤ ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ ገብቶ እስኪያስወጣው ድረስ አልጠገበም።

እስከዚህ ደግ አደረገ። ጥፋቱ አገሩ ሲገባ ነው። “ከየት አመጣኸው?” ቢሉት፣ “ጠበል ተጠምቄ በቀለልኝ!” ብሎ እርፍ። ሐኪም ሠራልኝ ማለት ምን ያሳፍር ነበር? የደብሩ ካህን ቄስ ፈንታ እንኳ አምነውት፣ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ተአምሩን ተናገሩለት። ከዚያ ወዲያ ውሸቱን መመለሻ አጣ።

በዚያው ዓመት አባት ቆጥሮ፣ ስማዳ ውስጥ ወገዳ አጠገብ ያለውን የቅድመ አያቱን የገብረ መድኅንን ርስት ጠየቀ። መሬቱን ይዞ የሚያርሰው ደምሌ ነው፤ እሱም የገብረ መድኅን ዘር ነኝ ይላል። “ይኸን ሰው ከነአባቱ አናውቀውም” ብሎ ካደ። ጥጋቡ በእስቴ ያለችው ማሳው ለልጆቹ አትበቃም፤ በዚህ ክርክር ከተረታ ልጆቹ የሰው መሬት ጭሰኛ መሆናቸው ነው።

እሑድ ዕለት ሽማግሌዎች ከወገዳው ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። ቄስ ፈንታም ሰው አስከትለው ለጥጋቡ ሊመሰክሩ መጥተዋል። ገብረ መድኅንን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ የወንድማቸው ልጅ፣ ገዳም የኖሩት እማሆይ አመተ ሥላሴ። አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል።

“አጎቴ ከተፈጠሩ ጀምሮ የፊት ጥርስ አልነበራቸውም” አሉ እማሆይ። “ዘራቸው የሚታወቀው በዚያ ነው። ና ልጄ፣ አፍህን ክፈት።”

ጥጋቡ እያመነታ አፉን ከፈተ። የእማሆይ ጣት ገብቶ ነጫጮቹ ጥርሶች ላይ ቆመ።

“ይኸማ ጥርስ አለው!”

ደምሌ የፊት ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ አፉን ከፍቶ ሳቀ።

ጥጋቡ ጥርሱን ቢያወልቅ ቄሱና አገሩ ሁሉ ውሸታምነቱን ሊያዩ ነው፤ ባያወልቅ መሬቱ ሄደ። ልጆቹ ትዝ ቢሉት ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ሰደደና አራቱን ጥርስ በአንድ ጊዜ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ሕዝቡ በሳቅ ተንፈራፈረ።

“አንተ!” አሉ ቄስ ፈንታ መቋሚያቸውን አንሥተው። “በጠበሉ ነው የቀለድህ?”

“ይፍቱኝ አባቴ! የፈለጉትን ቀኖና ይስጡኝ፤ ብቻ አስቀድመው እማሆይ ይዳብሱኝ!”

እማሆይ ባዶውን ድድ ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። “አጎቴ ናቸው! ራሳቸው ናቸው!” አሉ። ጥጋቡም ከነኀፍረቱ አለቀሰ፤ ያ ያፈረበት ባዶ ድድ ደስ ሲያሰኘው የመጀመሪያው ነው።

እማሆይ ግን ጣታቸውን አላጠፉም። “ደምሌስ የታለ? እሱም ዘራቸው ነኝ ብሎ የለ? ይምጣ፣ እሱንም ልዳብሰው።”

ሰው ሁሉ ወደ ደምሌ ዞረ። ደምሌ ሳቁን ዋጠና ወደ ኋላው አንድ እርምጃ ሸሸ።

“ምን ያደክምዎታል እማሆይ” አለ። “ግማሹን ይውሰድ።”