በሁለት መቶ ላይ ሴትዮዋ ጠፋች

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ወረታ ላይ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሥራዬ የስልክና የኮምፒውተር ጨዋታዎች ገበያ ላይ ከመዋላቸው በፊት እየተጫወቱ ጉድለታቸውን መፈለግ ነው። ሰው "ይህን ሥራ እንዴት ጀመርሽው?" ሲለኝ ታሪኩን አወራለሁ። ሰሚው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገር ግን የማወራው ሁልጊዜ ግማሹን ነው። የቀረው ግማሽ እስከ ዛሬ ከውስጤ ስላልወጣ፣ አሁን ሙሉውን ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት አልመጣልኝም። ቤት ተቀምጫለሁ። እናቴ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ፍስሐ ለሚባል የውሃ ቀያሽ አከራይታ ነበር። ጋሼ ፍስሐ እለው ነበር። ውጭ አገር፣ ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ወደ ወረታ የተላከው የርብ ወንዝ በክረምት የፎገራን ሜዳ እስከ የት እንደሚያጥለቀልቅ ለመለካት ነበር።

አንድ ቀን ጠራኝና መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ነገር ሰጠኝ። መሐሏ ላይ ትንሽ መስታወት፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ቁልፍ አላት። ጀርባዋ ላይ እኔ የማላውቀው ፊደል ተጽፏል።

"ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል አብሮኝ የኖረ ጓደኛዬ ይህን የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው" አለኝ። "ገና ለሽያጭ አልቀረበም። ተጫወትበትና ስህተቱን ጻፍልኝ ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ትዕግሥቱ የለኝም። አንቺ ሞክሪው።"

"መጫወት ብቻ ነው?"

"መጫወትማ አይደለም። ማሸነፍሽ አይጠቅመኝም። የምትበላሽበትን ቦታ ፈልጊ። ስታገኚው ደግሞ ምን ምን አድርገሽ እንደተበላሸች አንድ በአንድ ጻፊው። ሌላ ሰው ጽሑፍሽን አንብቦ ያንኑ መድገም አለበት።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮርስ ወስጃለሁ። ከዚያች ንግግር የበለጠ የጠቀመኝ የለም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። መስታወቱ ላይ አንዲት ሴትዮ ቅርጫት ይዛ ቆማለች። ከአራት ዛፎች ፍሬ ይወርዳል፤ ሁለቱ ዛፎች በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ናቸው፤ በየጎኑ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ቁልፉን ስትጫኑ ሴትዮዋ ወደዚያ ዛፍ ዞራ ፍሬውን ትቀልባለች። ሦስት ፍሬ መሬት ከወደቀ ጨዋታው ያበቃል። ጋሼ ፍስሐ ፍሬው ፖም ነው ብሎኛል። እኔ ፖም አይቼ ስለማላውቅ ሎሚ ብዬ ጻፍኩት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የታዘዝኩትን ረስቼ ለማሸነፍ ስሟሟት ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት መቶ ሎሚ እንደቀለብኩ ሴትዮዋ ድንገት ከመስታወቱ ጠፋች። ሎሚው ግን መውረዱን አላቆመም። የሚቀልበው ሲያጣ ሦስቱም ወደቁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ማስረዳት ይከብደኛል። ሮጬ ደብተር አመጣሁ። ቆጠራው ሁለት መቶ በሚሞላበት ቅጽበት የግራውን የላይኛ ቁልፍ ከተጫንኩ እንደምትጠፋ፣ ሌላውን ከተጫንኩ ግን ምንም እንደማትሆን እስካውቅ ድረስ ደጋግሜ ሞከርኩ። ለግራ ላይ "ግላ"፣ ለቀኝ ታች "ቀታ" እያልኩ በአጭር በአጭሩ ደብተሩን ሞላሁት። እናቴ "ምነው ይችን ልጅ ምን አገኛት?" ትላለች።

በሐምሌ ጋሼ ፍስሐ ለልኬት ወደ ቁሐር ሚካኤል ማዶ ወረደ። በማግስቱ ርብ ሞልቶ መንገዱ ተዘጋ። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ስኳር ሊታደል ነው ስለተባለ ወደ ቀበሌው ሱቅ ሄጄ ተሰለፍኩ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ሥራ ልሥራበት ብዬ ዕቃዋን ከደብተሩ ጋር አወጣሁ።

ለካ ድምፅዋ ይሰማል። ቲት፣ ቲት፣ ቲት ትላለች። አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዕቃዋን አየ፤ ጀርባዋን ገልብጦ ፊደሉን አየ፤ ከዚያ ደብተሬን ቀምቶኝ ገለጠ። ክንዴን ይዞ "ነይ" አለኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ፊቱን አዞረ። እኔም ብሆን አዞር ነበር።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከጠረጴዛው ኋላ ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ከፍርድ ሸንጎ አባላት አንዱ፣ አያ ዘለቀ የሚባሉ ሸማኔ፣ ለሌላ ጉዳይ መጥተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። በስም እንጂ በቅርብ አላውቃቸውም፤ አነጋግሬያቸውም አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ደብተሬን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

"ቀታ፣ ቀታ፣ ግላ። በሁለት መቶ ላይ ሴትዮዋ ጠፋች። ሦስት ወደቁ። ድምፅ የለም። እንደገና ተጀመረ።" ቀና ብሎ አየኝ። "ሴትዮዋ ማናት? የት ነው የጠፋችው?"

"ጨዋታ ነው ጓድ ሊቀመንበር" አልኩ።

"ሦስት ወደቁ ማለት ምን ማለት ነው? ሦስት ሰው ሞተ?"

"ሎሚ ነው የወደቀው።"

"ሎሚ!" አለ ጸሐፊው ወደ ሊቀመንበሩ ዘንበል ብሎ። "ቦምቡን ነው ሎሚ የሚሉት።"

በዚያ ጊዜ ሽፍታው፣ ወንበዴው እየተባለ ቀበሌው ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን የሚተያይበት ወቅት ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ከዚህ ባነሰ ነገር ወደ አውራጃ ተልኮ ዓመት ሙሉ ወሬው አልተሰማም። የዕቃዋ ባለቤት ጋሼ ፍስሐ መሆኑን ተናገርኩ። "የታለ?" አሉኝ። ከውሃው ማዶ ነው። መቼ ይመጣል? አላውቅም። እያንዳንዱ መልሴ እኔኑ ይበልጥ ያስጠረጥረኝ ጀመር። ሊቀመንበሩ ለጸሐፊው "በል ለአውራጃው መሸኛ ጻፍ" አለው። እናቴ ወሬው ደርሷት ኖሮ ደጅ ላይ ስታለቅስ ይሰማኛል።

ጸሐፊው ወረቀት ሲስብ አያ ዘለቀ ከአግዳሚው ተነሡ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ማንበብ የተማርኩ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ገና እየተንተባተብኩ ነኝ። ነገር ግን ጥለት ስሠራ እኔም እንዲሁ ነው የምቆጥር። ሦስት ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ዝለል። ሽመና የማያውቅ ሰው ቢሰማኝ አብዷል ይላል። ልጅቱ ወረቀቱ ስለ ዕቃው ነው ካለች፣ ወረቀቱ የሚለውን እዚሁ ትሥራው። ዕቃው እንደ ወረቀቱ ከሆነ እውነቷን ነው። ካልሆነ ላኳት።"

ጸሐፊው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ሊቀመንበሩ አያ ዘለቀን ትክ ብሎ አያቸው። "ጓድ ዘለቀ፣ ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?"

"እወስዳለሁ" አሉ።

ሊቀመንበሩ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝ። በመጀመሪያው ሙከራ ሃምሳ እንኳ ሳልሞላ ሦስቱም ወደቁ። ሁለተኛው ትንሽ ሄደ፤ ከመቶ ጥቂት አልፎ እሱም አበቃ። ጸሐፊው ሳቀ። ባትሪዋ እየደከመ ስለነበር ምስሉ መደብዘዝ ጀምሯል። ትርፍ ባትሪ ያለው ቤት ነው።

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ አያ ዘለቀ ቀስ ብለው። "እኛን አትይን። እጅሽን ብቻ እይ።"

ሦስተኛውን ጀመርኩ። ዘጠና። መቶ ሃምሳ። ከዚያ በኋላ ሎሚው ይፈጥናል። የማስታውሰው የሊቀመንበሩን የትንባሆ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር ብቻ ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ከኋላዬ ቆሟል። መቶ ዘጠና ስምንት። መቶ ዘጠና ዘጠኝ። የግራውን የላይኛ ቁልፍ ተጫንኩ።

ሴትዮዋ ጠፋች። ሦስቱም ወደቁ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ "የት ሄደች?" አለ፤ ቅድም የጠየቀኝን ያንኑ ጥያቄ ነው፣ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ነበር። አያ ዘለቀ ሳቃቸው አመለጣቸው።

ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። "ድገሚው" አለኝ። ያን ጊዜ ጠልቼው ነበር። ዛሬ ሳስበው በሥራዬ የመጀመሪያው ትክክለኛ አለቃዬ እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ የታየ ነገር እንዲያው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላላ! ደገምኩት። ሴትዮዋ ደግማ ጠፋች። ሊቀመንበሩ ደብተሬን ወስዶ በየገጹ ላይ "ታይቷል" ብሎ ፈረመና የቀበሌውን ክብ ማኅተም እየደበደበ መታበት፤ በኋላ ጠያቂ እንዳይኖርበት ነው። ዕቃዋንም ደብተሩንም መለሰልኝ። ከዚያ ወደ እናቴ መሮጤን እንጂ ከማን ጋር ምን እንደተባባልኩ አላስታውስም።

ጋሼ ፍስሐ ውሃው ሲጎድል ተመልሶ ይህን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ደብተሩን እንዳለ፣ ከነማኅተሙ፣ በየገጹ ኅዳግ ላይ ተርጉሞ ለጓደኛው ላከው። መልሱ የመጣው በጥር ነው። የመጥፋቷን ነገር ፋብሪካው ውስጥ ማንም አላወቀውም ነበር፤ አርመውታል። የታረመችውን ዕቃና ሌሎች ሁለት አዳዲስ ጨዋታዎች ልከውልኛል፤ እነዚህንም እንደዚያው መርምሪልን ይላል። ጓደኛው ከደብዳቤው ግርጌ፣ በየገጹ ላይ ያለው ያ የሚያምር ክብ ነገር ምን እንደሆነ ጠይቆ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ጀመርኩ። እየላኩልኝ ሰባት ጨዋታ መረመርኩ። ከዚያ የእኛም መንግሥት የእነሱም መንግሥት ተለወጠና ደብዳቤው ቆመ። አዲስ አበባ መጥቼ ብዙ ዓመት በጸሐፊነት ሠራሁ። ኮምፒውተሩ ሲመጣ፣ ኋላም ጨዋታ የሚሠሩ ልጆች ብቅ ሲሉ፣ መርማሪ ሲፈልጉ ተገኘሁ።

ለሰው የማወራው እስከዚህ ድረስ ነው።

የቀረው ይኸ ነው። ከዚያ ሐምሌ እስከ ጥር ድረስ አያ ዘለቀን አመሰግናለሁ ለማለት አልሄድኩም። ቤታቸው ከወረታ ወጣ ብሎ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። ያልሄድኩበትን ምክንያት አውቀዋለሁ። እሳቸው ሸማኔ ናቸው፣ ባለቤታቸው ሸክላ ሠሪ። እኛ ቤት ከነሱ ገበያ ላይ ማሰሮ ይገዛል፣ ጋቢ ይታዘዛል፤ ከቤታቸው ገብቶ እህል ውሃ መቅመስ ግን አይታሰብም። እናቴ ያን ዕለት እያለቀሰች ስትመርቃቸው የነበረች ሴት፣ በሳምንቱ "ሰላምታ ላኪላቸው፣ ይበቃል" አለችኝ።

የታረመችው ዕቃ ስትመጣ ግን አላስቻለኝም። አንድ ሐሙስ ቀን ለእናቴ ሳልናገር ሄድኩ። ውሃው የሸሸበት ሜዳ ሽምብራ በቅሎበታል። አያ ዘለቀ እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ይሸምናሉ። ሲያዩኝ መወርወሪያውን አስቀምጠው ብድግ ሊሉ ሞከሩ።

ዕቃዋን ሰጠኋቸው፤ አሠራሩን አሳየኋቸው። ከእኔ ይልቅ ፈጣን እጅ አላቸው። ሁለት መቶን ሲያልፉ ሴትዮዋ እንደቆመች ናት። "ዳነች!" ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። ባለቤታቸውን ጠርተው አሳዩዋቸው።

"ያን ቀን እንዴት ደፈሩ?" አልኳቸው።

"ምን ደፈርኩ? ፈርቼማ ነበር። ዕቃው እምቢ ቢል አብሬሽ ነበር የምሄድ" አሉ። "ግን ዝም ብዬ ወጥቼ፣ እቤቴ ገብቼ እንዴት እሸምናለሁ?"

ባለቤታቸው በራሳቸው እጅ በሠሩት ዋንጫ ጠላ ቀድተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው አቀረቡልኝ።

"ጾመኛ ነኝ" አልኩ።

ሐሙስ ነው። ጾሙ አልገባም። ከእኔ አፍ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ባለቤታቸው "የምን ጾም ነው ልጄ?" ማለት ጀመሩ።

አያ ዘለቀ ፊታቸው አልተለወጠም። "ተያት፣ መንገድ አለባት" አሉ። ዋንጫውን ከእጃቸው ተቀብለው ራሳቸው ጠጡት። ከዚያ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ። ዕቃዋን ለእርስዎ ትሁን ብዬ ስሰጣቸው "ለሥራሽ ትሆንሻለች" ብለው መለሱልኝ።

ከዓመታት በኋላ ስመለስ ሁለቱም አልፈዋል። አሁን ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆነው። ሰው በታሪኬ ሲስቅ እኔም እስቃለሁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን የሚታየኝ ቀበሌው አይደለም። በሕይወቴ ከጠጣሁት ሁሉ ይልቅ ያልጠጣሁት ያ ጠላ ያቃጥለኛል።