በውሰት የሞላው ቤት

ይህን መጻፍ ተገቢ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። በርበሬ በረንዳ አካባቢ የሚያስል ሰው ሞልቷል፤ በሳል የታመመች የአንዲት ሴት ነገር ለሰፈራችን ሰው ወሬ እንኳን አይሆንም። ምናልባት አክስቴ ስለሆነች ብቻ ትልቅ ነገር መስሎኝ ይሆናል። ቢሆንም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ድህነት እንዴት እንደሚለካ ስንማር አንገቴን ደፍቼ ነው ከክፍል የወጣሁት፤ ምክንያቱን መናገር እፈልጋለሁ።

ያሳደገችኝ አክስቴ በርበሬ ቀንጣሽ ነበረች። ጆንያ ላይ ተቀምጣ ከማለዳ ጀምሮ ዛላውን እያነሳች ጭራውን ትቀነጥሳለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ብታስርም አቧራው ደረቷ ገባ። አስም ነው ተባለች። በአፍ የሚሳበው መድኃኒት ሲኖራት ትሠራለች፤ ሲያልቅባት ትተኛለች፤ ስትተኛ ደግሞ የመድኃኒቱ መግዣ ከየት ይምጣ?

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ኅዳር ላይ፣ ለማይችሉ ሰዎች የጤና መድን መዋጮውን መንግሥት ሊከፍልላቸው ነው ተባለ። የሚመረጡት «የድሃ ድሃ» የሚባሉት ናቸው። መዝጋቢዎች ቤት ለቤት ዞረው ኑሮውን እንደሚያዩም ተነገረን። አክስቴ ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግዳ ይመጣል።

በግቢያችን እንግዳ የሚገባበት ቤት ባዶውን አይታይም። ለቅሶም ይሁን ክርስትና፣ ያለው ለሌለው ያውሳል። ያን ዕለትም እንደዚያው ሆነ። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጨርቅ ነጋዴ ምንጣፏንና ወንበሮቿን፣ በመጨረሻም ቴሌቪዥኗን አሸክማ መጣች።

«ልጅሽን ልትድሪ ነው እንዴ? ሽማግሌ የሚመጣበት ቤት አስመሰልሽው እኮ!»

«አንቺ ደግሞ! የመንግሥት ሰው ጆንያ ላይ ላስቀምጥ?» አለች አክስቴ። ስቃ ሳትጨርስ ሳሉ ያዛት።

«አክስቴ፣ የሚመጡት እኮ ድህነታችንን ሊያዩ ነው» አልኳት።

«እሱንማ ያውቁታል። በርበሬ የምትቀነጥስ ሀብታም የት አይተዋል? ይልቅ ሰው መቀበል እንደማውቅ ይዩልኝ።»

መዝጋቢዋ ታብሌት የያዘች ትሑት ልጅ ነበረች። የምትጠይቀውን እያነበበች ትጠይቃለች።

«እናቴ፣ ቴሌቪዥን አለዎት?»

«ይኸው፣ እያየሽው!»

«ምግብ የሚያጥርበት ጊዜስ?»

«ተመስገን፣ ጠግበን ነው የምናድረው።»

«ታመው ሳይታከሙ የቀሩበት ጊዜ አለ?»

«እግዜር አለ ልጄ።»

«ቴሌቪዥኑ የኛ አይደለም፤ የጎረቤት ነው» አልኩ።

አክስቴ ቀልጠፍ ብላ፣ «ቀልደኛ ናት፣ አትስሚያት» አለች። ልጅቷ ፈገግ ብላ ጣቷን ታብሌቱ ላይ አሳረፈች። ዕቃው ሳይመሽ ወደ ጎረቤታችን ቤት ተመለሰ። እኛም የቀደመው መደባችን ላይ ተቀመጥን።

ጥር ላይ የተመረጡት ሰዎች ስም ወረዳው በር ላይ ተለጠፈ። የአክስቴ አልነበረበትም። አቤት ለማለት ይዣት ሄድኩ፤ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፍን።

«ምንጣፍና ቴሌቪዥን አለዎት ይላል፣ እናቴ። ከእርስዎ የባሱ አሉ» አላት የወረዳው ሠራተኛ።

«የተዋስኩት ነው ጌታዬ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።» ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ለማንኛውም ሰው ልከን ደግመን እናያለን» አለ።

አክስቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠበቀች። የራሷን መጋረጃ ሳይቀር አውርዳ አጠፈችው። ጎረቤታችን በበሩ ባለፈች ቁጥር «ምንጣፉን ላምጣው?» እያለች ታበሽቃታለች። «ተይኝ፣ ባዶዬን ይዩኝ» ትላለች አክስቴ። ትስቃለች፤ ነገር ግን ሌላ ሰው ድንገት ሲገባ በነጠላዋ መደቡን ለመሸፈን ስትጣደፍ አያታለሁ። ጎረቤታችን አንድ ጊዜ መድኃኒቱን ገዛችላት፤ በኋላ የእሷም ገበያ ቀዘቀዘ። ከፋሲካ በኋላ አክስቴ በረንዳው ላይ አልዋለችም። ዝናቡ ሲጀምር ተኝታ መተንፈስ አቃታት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ታድራለች። በር ሲንኳኳ ያኔም «እነሱ ይሆናሉ፤ ክፈቺ» ትለኛለች።

የዩኒቨርሲቲው መምህራችን ሰው ገቢውን በትክክል መናገር ስለሚከብደው የቤቱን ዕቃ መጠየቅ እንደሚሻል አስረድተውናል። ትክክል ይመስለኛል፤ ፈተናው ላይም እንደዚያው ብዬ ጽፌያለሁ። ዕቃው የማን እንደሆነ ግን አልተጠየቅንም፤ እኔም እጄን አላወጣሁም።

ከወረዳው ዳግመኛ ሊያይ የመጣ ሰው የለም። ቤታችን እንደገና የሞላው ለአክስቴ ለቅሶ ነው። ያው ምንጣፍ፣ ያው ወንበሮች መጡ፤ የቀረው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር። ጊዜው ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።