የላም በየት

ልጅ ሳለሁ ተረት የእሳት ዳር ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያኔ የአባታችን ታላቅ ወንድም አያ ሞገስ ማታ ማታ ምድጃው አጠገብ ይቀመጡና፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ «ተረት ተረት» ይሉናል፤ እኛም «የላም በረት» እንላለን። ያልመለሰ ተኝቷል ማለት ነው፤ ጉንጩን ጥላሸት ይቀቡታል። ትንሿ እህቴ አስካለ «ረ» አትወጣላትምና «የላም በየት» ትል ነበር። አያ ሞገስም «በየት እንደሆነማ ላሚቱ ታውቃለች» ብለው ይስቃሉ። ወንድሜ ታደሰ ደግሞ ድምጿን ያስመስልባታል፤ ቁርጥ እሷን። እሷ ታኮርፋለች፣ እኛ እንስቃለን። ይኸው ነበር ጨዋታችን።

ኋላ ጣሊያን መጣ። አባታችን ከአርበኞቹ ጋር ከጣርማ በር ማዶ ዋሻ ገቡ፤ ስንቅ የሚያደርስላቸው ጠፋ። ጎልማሳ ሲያልፍ ባንዳው ይፈትሻል፤ ሽማግሌና ልጅ ግን የጓሳ ሣር ሊያጭዱ የወጡ ይመስላሉ ተባለና፣ አያ ሞገስ እኛን ሦስታችንንና የጎረቤት ልጆችን ይዘውን ወጡ። በሶውን በየጀርባችን አዝለን፣ ከላዩ ሣር ጫንንበት።

ተራራው ላይ ስንደርስ በረዶ ወረደ። ሜዳው ሁሉ ጨው የፈሰሰበት መሰለ። እግራችን እየሰጠመ ሲያቃጥለን፣ አያ ሞገስ የለበሱትን የበግ ለምድ በቢላ ቀደው በየእግራችን ጠቀለሉና በጓሳ ገመድ አሰሩልን። መንገዱም ጠፋ፣ መሸም። ከቋጥኝ ሥር ተጠጋግተን ተቀመጥን። እሳት የለም፤ ከበታች ያለው የጣሊያን ምሽግ ያየዋል።

«ዛሬ የተኛ አይነሳም» አሉን። «ተረት እነግራችኋለሁ። ያልመለሰ በዱላዬ ነው።»

ጨለማው የጎንን ሰው እንኳ አያሳይም። ተረቱ ሲያልቅባቸው ጅቡን ከጦጣዋ ጋር ያጋቡት ጀመር፤ ያረማቸው የለም። «ተረት ተረት» ሲሉ፣ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ «የላም በረት» እንላለን። ከመካከል «የላም በየት» የሚለው ሲሰማኝ ልቤ ይረጋ ነበር። እሳቸውም በዚያ ብርድ «ላሚቱ ታውቃለች» ይላሉ።

ሲነጋ በረዶው ላይ ውርጭ ጋግሮበታል። አስካለ በታደሰ ትከሻ ላይ ተደግፋለች። አያ ሞገስ ነቀነቋት። ደግመው ነቀነቋት።

«አሁን እኮ መለሰች» አሉ።

ታደሰ ቀና አላለም። «‹ታዴ፣ ትንሽ ልተኛ፣ አንተ መልስልኝ፣ ዱላውን እፈራለሁ› አለችኝ። ስመልስላት የነበርኩት እኔ ነኝ።»

አልመቱትም። ቢመቱት ይሻለው ነበር። ከእግሯ ላይ ቆዳውን ፈትተው ለእኔ አሰሩልኝ፤ የእኔ ተበጣጥሶ ነበር። እምቢ ብዬ ባለቅስ፣ «ስንቁ መድረስ አለበት፣ እናቴ» አሉኝ። ከቋጥኙ ሥር በጓሳ ሸፈንናት፤ ድንጋይ ደረደርንባት። ስንሄድ ቆዳው እግሬን አሞቀኝ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስንቁ ደረሰ። አባታችን ከበሶው እየቆነጠሩ አዩንና፣ «ትንሿን ከእናቷ ጋር ተዋችኋት? ደግ አደረጋችሁ» አሉ።

ታደሰ ብድግ ብሎ ከዋሻው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አያ ሞገስ ተረት አልወጣቸውም። ታደሰም ሸምግሎ እስኪሞት፣ ሰው «ተረት ተረት» ሲል ብድግ ብሎ ከቤት ይወጣ ነበር። ጣሊያን የወጣ ለት አገሩ ሲጨፍር፣ እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ያንን ቁራጭ ለምድ ታገላብጥ ነበር።

እኔ እንግዲህ ለልጅ ልጆቼ እተርታለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ይለምኑኛል። አንዱ ለሌላው ከመለሰ ግን እቆጣለሁ፤ ቁጣዬ ከየት እንደመጣ አያውቁም። ከመካከላቸው አንዷ አፏ ገና አልተፈታምና «የላም በየት» ትላለች። ሌሎቹ ይስቁባታል። እኔ ግን ኩራዙን ወደ እሷ አስጠጋለሁ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ሳላይ ተረቱን አልቀጥልም።