የአደራዋ መኪና ዘይት

ጎረቤቴ ወደ ሐጅ ሲሄዱ መኪናቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ከኢትዮጵያ ድንበር ማዶ ባለችው ሄሉ ውስጥ አጥር ለአጥር ነው የምንኖረው፤ እሳቸው ከብት ነጋዴ ናቸው፣ እኔ ደግሞ በስደት መጥቼ እዚሁ የቀረሁ በያጅ ነኝ። «አደራ» አሉኝ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ወንድሞቻቸው እያሉ እኔን መምረጣቸው አኮራኝ፤ አስጨነቀኝም።

መኪናዋ አሮጌ አውቶማቲክ ስቴሽን ዋገን ናት። ማርሽ ስትቀይር እንደ ግትር አህያ ትንገጫገጫለች። የማርሽ ሳጥኗን፣ የካምቢዮዋን ዘይት አየሁት፤ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ይሸታል። እሳቸው ሳይመጡ ልቀይርላቸው ብዬ ተነሳሁ፣ ውለታ መሆኑ ነው። የሰማ ሁሉ ከለከለኝ። አሮጌ ካምቢዮ የሚሠራው በአሮጌ ዘይቱ ነው፣ ከቀየርከው ትቆማለች አሉኝ። ባለቤቴም አርፈህ ተቀመጥ አለችኝ። እኔ ደግሞ አትንካ ሲሉኝ እጄን ይበላኛል።

የሚመለሱበት ቀን ጠዋት ከሥሯ ገባሁ። ቡሎኑን ስፈታው ሬንጅ የመሰለ ነገር ወረደ። ቀዩን አዲስ ዘይት በመለኪያው ዘንግ እያየሁ ሞላሁ። ወጣትነቴን ኢትዮጵያ ውስጥ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ነው ያሳለፍኩት፤ እዚያ ዘይት የሚለካው ሞተር ጠፍቶ፣ መኪናው ካረፈ በኋላ ነው። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ዘንጉ ሞልቷል አለኝ፤ ዘይት ስለተረፈኝ ጭራሽ ደስ አለኝ።

ሞተሩን አስነስቼ ማርሽ አስገባሁ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ንቅንቅ የለም። ወደ ኋላም ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች!  የሰው አደራ በላሁ። ባለቤቴ ብቅ ብላ አየችኝና ራሷን እየነቀነቀች ተመለሰች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጎረቤቴን አሥር ሰዓት ላይ በዚያችው መኪና ልቀበላቸው ቃል ገብቻለሁ። ድሮ ቢሆን የሚመጡበት የናይሮቢ አውቶቡስ ይዘገያል ብዬ እጽናና ነበር፤ አዲሱ አስፋልት ግን ያንንም ነሳኝ። ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?

በሞተር ሳይክሌ ሄጄ አንድ ሽማግሌ ፉንዲ ለምኜ አመጣሁ፤ እዚህ መካኒክን የምንጠራው እንዲያ ነው። ሰውየው መሣሪያ እንኳ አላወጣም። ስትለካ ሞተሩ ጠፍቶ ነበር ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ታዲያ በርቶ ይለካል እንዴ አልኩት፣ ቆጣ ብዬ። የጭነት መኪና ሰው ነህ ማለት ነው ብሎ ሳቀብኝ። ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ጠበቀ፣ ማርሹን በየቦታው አስገብቶ መለሰ፣ ከዚያ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘንጉን መዘዘው። ጫፉ ላይ እንኳ ዘይት የለም። ይህች ካምቢዮ ዘይቱን ወደ ላይ የምትስበው ሞተሩ ሲዞር ነው፤ እኔ የለካሁት ታች የተኛውን ኖሯል። የተረፈኝን ዘይት ቀስ እያለ ጨመረበት። ከዚያ ማርሽ አስገባ፤ መኪናዋ ያለ ምንም መንገጫገጭ ሄደች። ተመስገን! ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ መሰለኝ። ፉንዲውን አቅፌ ሸሚዙን በዘይት አበላሸሁበት።

አሥር ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ጋ ነበርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ሐጂ» ብዬ ስጠራቸው ፊታቸው በራ። ልደብቃቸው ግን አልቻልኩም። ዘይቱን መቀየሬን፣ መኪናዋ መቆሟን፣ ፉንዲ ማምጣቴን፣ ሁሉንም እየነዳሁ ዘረገፍኩት። እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ማርሹ አዘንብለው መኪናዋን ያዳምጡ ጀመር። 

«ገና ከሐጅ መመለሴ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «ዛሬውኑ አስቆጥተህ ኃጢአት ልታስገባኝ ነው?»

ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው አስፈራርቷቸው ያንን ዘይት እንዳላስነኩ ነገሩኝ። በራቸው ላይ ስንደርስ ወርደው ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ነገ ፍሬኗንም እይልኝ» አሉኝ፣ «ብቻ ፉንዲውን አስቀድመህ ጥራው።»